በጭቃው ዳር ያገኘኋት ወፍ

ፔክቶራል ሳንድፓይፐር የምትባል፣ ከወገኖቿ ተለይታ የመጣች ትንሽ ወፍ ያገኘሁት ባለፈው መስከረም ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ግድብ ከኋላው ያጠራቀመው ሐይቅ ዳር እየሄድኩ ራፍ የሚባሉትን የውሃ ዳር ወፎች ስቆጥር ኖሬያለሁ። “እንዴት አገኘሃት?” ለሚለኝ ሰው “ዕድል ነው” ብዬ ማለፍ አልፈልግም። መልሱ ያለው በእነዚያ ቅዳሜዎች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መማር የነበረብኝ የውሃውን ጠባይ ነው። ዝናቡ አቁሞ ከግድቡ ውሃ ሲለቀቅ ሐይቁ ከዳር እየሸሸ ይሄዳል፤ የሸሸበትም ቦታ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ግንቡ አጠገብ ዳሩ ገደል ስለሆነ ለውሃ ዳር ወፍ የሚሆን ቦታ የለም። ጭቃው የሚሰፋው ከግንቡ ተቃራኒ፣ ጅረቶቹ በሚገቡበት ጥልቀት በሌለው ጫፍ ነው። እዚያም ቢሆን ደርቆ የተሰነጣጠቀው ጭቃ አይጠቅምም። ወፎቹ የሚሰበሰቡት ውሃው ትናንትና ዛሬ በለቀቀው፣ ገና በሚያብለጨልጨው ቀጭን መስመር ላይ ነው። የትንንሽ ዝንቦች እጭ ለስላሳው ጭቃ ውስጥ ስላለ ምንቃራቸው ያለ ችግር ይደርስበታል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሐይቁን ሙሉ መዞር ትቼ ያችኑ መስመር ብቻ፣ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ በቴሌስኮፕ መቃኘት ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ሠላሳ አንድ ራፍ ቆጥሬ ነበር። ራፍ በዚያ ሐይቅ ብዙ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ መንጋው ውስጥ ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ ይታያል። በዚህ የተነሳ አንዷ አጠር ብላ፣ አንገቷን ሰብስባ፣ አቀርቅራ ስትለቅም ሳያት “ወጣት ሴት ራፍ” ብዬ አለፍኳት። ቆጠራውን ለማረጋገጥ ስመለስ ደረቷ ዓይኔን ያዘው። የወጣት ራፍ ደረት ወጥ ቡናማ ነው፤ ወደ ሆዷ ሲወርድ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የዚህችኛዋ ግን በጥቁር ቡናማ ጭረት የተዘነጎረ ሆኖ፣ ነጩ ሆድ ጋ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተሰመረ ክርክም ብሎ ያበቃል።

ልቤ ድው ድው አለ። ያኔ ነው የተሳሳትኩት፤ ተነሥቼ ወደ እሷ መራመድ ጀመርኩ። ገላጣ ጭቃ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል። ጥቂት እንደተራመድኩ መንጋው በሙሉ ደንብሮ ብርር አለ። አጎንብሼ ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኜ ብጠብቅ ኖሮ ራሷ እየለቀመች ትቀርበኝ ነበር። ይባስ ብሎም ረጅም ጉዞ ላይ ያለች ወፍ ከምግቧ አስነሣሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስትነሣ ግን ወፈር ያለ “ክርርት” የሚል ድምፅ አሰማች። ራፍ ሲበር አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ የወፍ መለያ መጽሐፍ ሳልገልጥ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ማስታወሻ ላይ አሰፈርኩ። ሥዕሉን አስቀድሞ ያየ ሰው በዓይኑ ያየውንና ከሥዕሉ የወሰደውን መለየት ይቸገራል። የእግሯን ቀለም “ቢጫ ይመስላል፣ ጭቃ ስላለበት እርግጠኛ አይደለሁም” ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ያልተቆረጠ መስመር ማስታወሻ ውስጥ መኖሩን እወደዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ደርሼ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምንም አልመጣም። ከዚያ ራፎቹ ወረዱ፣ እሷም ከመካከላቸው። ሃያ አምስት ሜትር ያህል ስትቀርበኝ እግሯ በእርግጥ ቢጫ መሆኑን፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች መኖራቸውን፣ የክንፏ ላባዎች ጠርዝ ገና ያልተበላ መሆኑን አየሁ። ፔክቶራል ሳንድፓይፐር ነበረች፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈለች። ስልኬን ከቴሌስኮፑ ጋር ገጥሜ ያነሣሁትን ፎቶ ከእኔ ልምድ ላላቸው ሁለት ሰዎች አሳየሁ፤ ሁለቱም ተስማሙ።

እነዚህ ወፎች የሚፈለፈሉት በሳይቤሪያና በሰሜን አሜሪካ የአርክቲክ ሜዳዎች ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የሰሜኑን ብርዳማ ወራት የሚያሳልፉት ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ወንዶቹ በመራቢያ ወቅት ለሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፋቸውን በጣም እንደሚቀንሱ፣ ከሁሉም ያነሰ የተኙትም ብዙ ልጆች እንዳፈሩ አሳይቷል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺ አቀርቅራ የምትለቅም ትንሽ ፍጥረት ከፊቴ አልጠፋ ብላለች። በተወለደችበት ዓመት፣ መንገዱን ከዚህ በፊት አይታው የማታውቅ፣ ከወገኖቿ ተለይታ እዚህ ጭቃ ላይ ወረደች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስመለስ አልነበረችም። የውሃው መስመር ወደ ሐይቁ መሀል ትንሽ ሸሽቷል፤ እሷ ስትለቅምበት የነበረው ቦታ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቴሌስኮፑን ተከልኩና ከግራ ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ራፍ፤ የእያንዳንዱን ደረት እያየሁ።