የ2005 ጌም በ2018 ላፕቶፕ ላይ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2005 ለኮምፒውተር ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ አቅም 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3፣ 256 ሜጋባይት ራምና 64 ሜጋባይት ቪዲዮ ካርድ ነበር። ያስቸገረኝ ላፕቶፕ ደግሞ ኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ በዚያ ላይ ኤንቪዲያ ኤምኤክስ150 ያለው ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት ይዞ በጌሙ ውስጥ መኪናው እንደ ጋሪ ሲጎተት "ካርዱ ደካማ ነው" የሚለው መልስ አያስኬድም። ስለዚህ ግራፊክስ መቀነሱን ትቼ ምን እንደያዘው መፈለግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ ቆሜ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ምስል) እንደሚወጣ አያለሁ፤ ሪቫቱነር የሚባለው ፕሮግራም ቆጣሪ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ ሬዞሉሽኑን ወደ 640 በ480 አውርጄ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አነባለሁ። ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ጭነቱ ያለው ግራፊክሱ ላይ ነው። ንቅንቅ ካላለ ግን ጥላና ጭስ እያጠፉ መዋል ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ፣ የፍሬም ገደብ ላይ፣ ወይም ዊንዶውስ የአሮጌውን ጌም ትእዛዝ በሚያስተናግድበት መንገድ ላይ ነው። የእኔ ንቅንቅ አላለም።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሲፒዩው 13 በመቶ ይላል፣ ሰውም "ፕሮሰሰሩ እኮ ሥራ ፈቷል" ብሎ ያልፋል። 8250ዩ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ (ጎን ለጎን ሥራ የሚሄድባቸው መስመሮች) አለው፤ የዚያ ዘመን ጌም ደግሞ ሥራውን ከሞላ ጎደል በአንድ ትሬድ ነው የሚሠራው። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ይመጣል። እንግዲህ 13 በመቶ ማለት አንዱ እስከ አንገቱ ተጭኖ ሰባቱ ቆመው ያዩታል ማለት ነው። ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውረው ግራፉን በየኮሩ ብትከፍቱት እንኳ አንዱ ብቻ ሞልቶ ላታዩት ትችላላችሁ። ለእንዲህ ዓይነት ጌም የኮር ብዛት ትርጉም የለውም፤ ወሳኙ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

ያ ፍጥነት እዚያው ገጽ ላይ ከመቶኛው አጠገብ "ስፒድ" በሚል ተጽፏል። የዚህ ፕሮሰሰር መነሻ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሲፈለግ እስከ 3.4 ይወጣል። ጌሙ እየሄደ ቁጥሩ 0.8 አካባቢ ተቸክሎ አገኘሁት። ቻርጀሩን ስነቅለው ወዲያው ወደ ላይ ወጣ። ላፕቶፕ በባትሪ ከቻርጀር ይልቅ ከፈጠነ መጠርጠር ያለበት ቻርጀሩ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች የቻርጀራቸው ጫፍ መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለው። ኃይሉ የሚያልፈው በዙሪያው ባለው ብረት ነው፤ መርፌው ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ የሚነግር ነው። ኮፒ ቻርጀር ይህን መረጃ ካልላከ፣ ወይም መርፌው ከተጣመመ፣ ላፕቶፑ ምን ያህል ኃይል መሳብ እንደሚችል አያውቅም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያወርደዋል፤ ብዙ ጊዜ ባትሪውንም አይሞላም። እኛ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ ከራሱ ቻርጀር ተለይቶ መሸጡ የተለመደ ስለሆነ ይህን ሳላይ ወደ ሌላ ነገር አልሄድም። ማረጋገጫው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ነው፤ የቻርጀሩ ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ ዋት ሳይሆን "አንኖውን" ካለ ነገሩ ተገኘ። ስትቀይሩ ላፕቶፑ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኔ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 65 ዋት ነው። ቮልቱ እኩል ይሁን። አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ካነሰ ግን ወደዚያው ችግር ትመለሳላችሁ።

ትሮትልስቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ላይ "ቢዲ ፕሮክሆት" የሚለውን ምልክት ማንሳት ፍጥነቱን ያለ አዲስ ቻርጀር ይመልሰዋል። እኔ ለአምስት ደቂቃ፣ ለምርመራ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ቦርዱ ላይ ሌላ ክፍል ሲግል ፕሮሰሰሩን ቀዝቀዝ በል የሚለው በዚሁ መስመር ስለሆነ አጥፍቶ መክረም ቦርዱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ቻርጀሩ ተቀየረ፣ ጌሙም ፈጠነ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ተመልሶ መቆራረጥ ጀመረ። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚመጣ መንቀራፈፍ የሙቀት ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነክቷል፤ ለ8250ዩ ይህ ጣሪያው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የኋላውን ክዳን ስትከፍቱ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ። አቧራው የሚከማቸው ፋኑ ላይ ሳይሆን በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መካከል ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ጠፍጥፎ ይቀመጣል፣ ከውጭ ግን አይታይም። በአየር ስትነፉ ፋኑን በጣት ወይም በጥርስ መፈቅፈቂያ ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ቢሽከረከር ኩሽኔቱ ሊበላሽ ይችላል። ቴርማል ፔስቱ (ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ከደረቀ አሮጌውን በ90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጉና የሩዝ ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርጉ። ብሎኖቹ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ ሲጠብቅ በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ ሲፈታ በተቃራኒው ነው። አንዱን ብቻ መጀመሪያ አጥብቆ መጨረስ ቺፑን በአንድ ጎን ይጫነዋል።

ማጽዳት ግን የሙቀቱን ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው የሚፈታው። አሮጌ ጌም ገደብ ካልተደረገለት አዲስ ካርድ ላይ በሰከንድ 200 ፍሬምና ከዚያ በላይ ሊተፋ ይችላል። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ የሚያሳያችሁ 60ውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ወደ ሙቀት ይሄዳል፣ ሙቀቱም ፍጥነቱን ይጥለዋል። በጣም በመፍጠኑ የሚንቀራፈፍ ጌም ማለት ይህ ነው። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ "ማክስ ፍሬም ሬት" የሚለውን ለዚያ ጌም ብቻ 60 ላይ አሰርኩት። የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከፓወር ኦፕሽንስ ወደ 99 በመቶ ማውረድም ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ቱርቦውን (ከመነሻው በላይ የሚወጣበትን ፍጥነት) ስለሚያጠፋ ይህን ፕሮሰሰር ወደ 1.6 ይመልሰዋል፣ አንድ ኮር ላይ ለተንጠለጠለ ጌም ደግሞ ያ ኪሳራ ነው።

ሳን አንድሪያስ የራሱ ወጥመድም አለው። በሴቲንጉ ውስጥ ያለው "ፍሬም ሊሚተር" ሲበራ ጌሙን 25 ፍሬም ላይ ይይዘዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ምንም ያልጎደለበትን ላፕቶፕ ሲወቅስ ይኖራል። አጥፍቶ ያለ ገደብ መልቀቅም አይሆንም፤ ጌሙ አንዳንድ እንቅስቃሴዎችን ከፍሬሙ ጋር ስላሰራቸው ፍሬሙ ሲበዛ ይዛባሉ፣ ለምሳሌ ውኃ ውስጥ መዋኘቱ ይዘገያል። ሊሚተሩን አጥፍቶ ከውጭ በ60 መገደብ፣ በዚያ ላይ ሳይለንትፓች የሚባለውን ማስተካከያ መጫን ለእኔ ጥሩ ሆኖ ሠርቷል።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ጌሙ በየትኛው እንደሚሄድ ማየትም ያስፈልጋል። ታስክ ማናጀር ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ብሎ ይለያቸዋል። ዊንዶውስ የማያውቀውን አሮጌ ጌም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው የኢንቴል ግራፊክስ ሊወስደው ይችላል። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ጀምሮ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ውስጥ ገብቶ የጌሙን ፋይል መርጦ "ሃይ ፐርፎርማንስ" ማለት ይቻላል። ስህተት የሚሠራው ፋይሉ ላይ ነው፤ ብዙ ጌም መጀመሪያ የሚከፍተው ላውንቸሩን ነው፣ እኛም እሱን እንመርጣለን፣ ዋናው ጌም ግን ሌላ ፋይል ነው። ጌሙ ክፍት ሳለ ታስክ ማናጀር "ዲቴይልስ" ውስጥ ስሙን አይታችሁ ያንኑ ምረጡ።

የኢንቴሉ ግራፊክስ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ራማችሁን ቁጠሩ። እሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ዲዲአር4 2400 ራም አንድ ፍሬ ብቻ ከተሰካ በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆን 38.4። አንድ ባለ 8 ካለ ሌላ ባለ 8 መጨመር ለዚህ ሥራ ከምንም ነገር በላይ ይጠቅማል።

ከ2000 በፊት የወጡት ግን ሌላ ዓለም ናቸው። የ1999ኙ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ256 ቀለም፣ በዳይሬክትድሮው (በአሮጌው የዊንዶውስ የሥዕል መሣያ መንገድ) የተሠራ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ስክሪኑ በእውነት ወደ 256 ቀለም አይወርድም፤ ዊንዶውስ ያስመስልለታል፣ ማስመሰሉም ማውሱን ሳይቀር ሊጎትተው ይችላል። እዚህ ላይ ካርድም ራምም አይረዳም። መፍትሔው በመሃል የሚገባ አስተርጓሚ ነው፤ እኔ ሲኤንሲ-ዲድሮው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ዲድሮው የሚለውን ዲኤልኤል ፋይል ከነማስተካከያ ፋይሉ የጌሙ ዋና ፋይል ባለበት ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ነው፤ ወደ ሲስተም32 (የዊንዶውሱ የራሱ ፎልደር) አይገባም። ለሌሎች የዚያ ዘመን ባለ ሦስት ገጽታ ጌሞች ዲጂቩዱ 2 የሚባለው ሌላ አስተርጓሚ ይሻላል፤ እዚያ ውስጥ ካሉት ፎልደሮች ኤክስ86 ከሚለው ውሰዱ፤ አሮጌዎቹ ጌሞች ሁሉም ባለ 32 ቢት ስለሆኑ የኤክስ64ቱ አይሠራላቸውም።

ከሞከርኳቸው ውስጥ ፋይዳ ቢስ የሆኑት "ጌም ቡስተር" የሚባሉትና ሬጂስትሪ እናጸዳለን የሚሉት ናቸው። የኤክስፒ ኮምፓቲቢሊቲ ሁሉም ጌም ላይ መለጠፍም አይጠቅምም፤ በዋናነት ለጌሙ የዊንዶውሱን ስሪት የሚዋሽለት ነው፣ ለመክፈት ይረዳ ይሆናል እንጂ አያፈጥንም። ከሁሉ የከፋው ታስክ ማናጀር ላይ የጌሙን ፕራዮሪቲ "ሪልታይም" ማድረግ ነው። ያኔ ጌሙ ከማውሱና ከኪቦርዱ ይቀድማል፤ ድምፁ ሊቆራረጥ፣ ማውሱ ሊደርቅ ይችላል፣ መውጫውም የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ ሊሆን ይችላል።