ከወንጂ ማዞሪያ ወዲያ፦ በአዳማ ዳርቻ የባንድ ቤት ፍለጋ

አዳማ ከአዲስ አበባ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ግን ዓርብ ከሥራ የወጣ የመዲናዋ ሰው ራቱን እዚያ ይበላል። ስብሰባም ዓመቱን ሙሉ አይለያትም። ይህ ሁሉ ለሆቴሎቿ በጎ ነው፤ ለሙዚቃዋ ግን በጎ አይመስለኝም። በፖስታ ቤት እና በፍራንኮ አካባቢ ያየኋቸው የምሽት ቤቶች በአብዛኛው የሚያስተናግዱት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት አድሮ የሚሄድ እንግዳ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ዛሬ የሰማውን ዘፋኝ ሳምንት ተመልሶ አይሰማውም። ባንዱ ቢሰንፍ አይቆጣም፤ ቢጎብዝም ስሙን ይዞ አይሄድም። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ድራም መቺ፣ ቤዝ ጊታር እና ሳክስፎን ተጫዋች ቀጥሮ ደመወዝ ከሚከፍል አንድ ኪቦርድ እና ሁለት ድምፃውያን አቁሞ የተቀዳ ምት ቢያስጮኽ ይቀለዋል።

ድምፃውያኑ ጎበዞች ናቸው፤ አልክድም። ነገር ግን የተቀዳ ምት ዘፋኝን አይሰማም። ዘፋኟ አንዲት ስንኝ ልድገም ብትል፣ ትንፋሽ ልሰብስብ ብላ ብትዘገይ፣ ምቱ ጥሏት ይሄዳል። እኔ የምወደው ሙዚቃ ደግሞ ሰዎች እየተያዩ፣ እየተጠባበቁ የሚጫወቱት ነው። ይህንን ፍለጋ ነው ከመሀል ከተማ ወጥቼ ዳር ዳሩን የዞርኩት።

የባንድ ቤት ስፈልግ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አልጠይቅም፤ እርሱ ምድር ቤት ወዳለው የራሱ ሆቴል ጭፈራ ቤት ቢመራኝ አይፈረድበትም። በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያም አላምንም፤ «ላይቭ ባንድ» ተብሎ ተጽፎ ባንድ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ሁልጊዜ የሚረዳኝ ለሠርግ እና ለስብሰባ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራዩ ሰዎችን ማነጋገር ነው። እነርሱ የትኛው ቤት የራሱ ድራም እንዳለው፣ የትኛው ሚክሰሩ ተበላሽቶበት በኪራይ እንደሚሠራ፣ የትኛው ባንድ በምን ምክንያት እንደተበተነ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ እስከ ጣሪያው በተደረደሩ ስፒከሮች መሀል የተቀመጠ ወጣት ጥያቄዬን ከሰማ በኋላ መልሶ እኔን ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ለመጨፈር ነው ወይስ ለመስማት?»

«ለመስማት።»

«እንግዲያውስ ቅዳሜ አይሂዱ። ሐሙስ ይሂዱ።»

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ አዲስ አበባ ውስጥም ስንት ምሽት በከንቱ እንዳሳለፍኩ ገባኝ። ጥሩ ተጫዋች ቅዳሜ እና እሑድ ሠርግ ላይ ነው። በተለይ በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ የሠርግ ቤት የሚከፍለው የምሽት ቤት ከሚከፍለው ስለሚበልጥ ድራም መቺውም ቤዙም ወደዚያ ይሄዳሉ፤ መድረኩን የሚይዙት ተተኪዎች ናቸው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ለሃምሳ አምስት ቀናት ብዙ ቤቶች መድረካቸውን ይዘጋሉ፤ ሙዚቀኛው በየፊናው ይበተናል። ጾም እና ሠርግ በሌለበት ሐሙስ ግን ባንዱ ሙሉ ነው፤ የሚመጣውም የሰፈሩ ሰው ነው።

የጠቆመኝን ቤት መጀመሪያ ያየሁት በቀን ነው። ለሚሄድ ሰው ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ፤ ማታ መብራቱ እና ሕዝቡ ጉድለትን ይሸፍናሉ፣ ቀን ግን ሁሉም ነገር ይታያል። ኮብልስቶኑ አልቆ አፈሩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለ ሰፊ ግቢ ነው። ድራሙ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፤ ከሥሩም ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፏል። ምንጣፍ የሌለው ድራም በተመታ ቁጥር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ ምንጣፉን ሳይ እዚህ ቤት በእውነት የሚጫወት ሰው እንዳለ አወቅኩ። ከመድረኩ ኋላ ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ብርድ ልብሶች ተሰቅለዋል፤ ድምፁ ከግድግዳው ነጥሮ እንዳይመለስ ነው።

ከሁሉም የማረከኝ ነፋሱን የያዙበት ዘዴ ነው። አዳማ የነፋስ አገር ናት። በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች ላይ የቆሙት ተርባይኖች በሁለት ምዕራፍ የተተከሉ ሲሆን የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ ክፍት ግቢ ውስጥ ማይክ ላይ ሲያርፍ በስፒከሩ በኩል ጉም ጉም እያለ ዘፈኑን ይበላዋል። እዚህ ግን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አጥሩ ከፍ ተደርጎ ሸምበቆ ተደርቦበታል፤ መድረኩም ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ተሠርቷል። ማይኮቹ ስፖንጅ ለብሰዋል። ከመድረኩ በላይ ያለው ክዳን ሣር እንጂ ቆርቆሮ አይደለም፤ በክረምት ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም።

ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከበር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ቡና አቀረቡልኝ። ሙዚቀኞቹን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ደመወዝ ነው የሚከፍሏቸው ወይስ ከሽልማት ነው የሚኖሩት?»

«በየሳምንቱ እከፍላለሁ። ሽልማቱም የእነርሱ ነው፣ እጄን አላስገባበትም። ቢራማ ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ይሸጣል ልጄ፤ ሰው እዚህ ድረስ በባጃጅ የሚመጣው ለልጆቹ ነው።»

ይህ መልስ ለእኔ ከድራሙም ከምንጣፉም ይበልጣል። ዘፋኙ በሽልማት ብቻ እንዲኖር የተተወባቸውን ቤቶች አይቻለሁ። ዘፋኙ ዘፈኑን ከመሀል ቆርጦ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ የማያውቀውን ሰው ስም እየጠራ ያወድሳል፤ ገንዘብ ያልሰጠው ሰው ፊቱን ያዞራል። ጥፋቱ የዘፋኙ አይደለም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ቤቱ ደመወዙን ሲከፍለው ግን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይዘፍናል፣ የሚወደውንም ይመርጣል፤ ልዩነቱ ወዲያው በጆሮ ይታወቃል።

ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ባንዱ ጀመረ። ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን እና ማሲንቆ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዘፈን የለበትም፤ መሣሪያ ብቻ ነው። በባቲ ቅኝት ሳክስፎኑ አንድ ሐረግ ያነሳል፣ ማሲንቆው ተቀብሎ ያጣምመዋል፣ ይመልስለታል። ሳክስፎን ቃናውን እንደ ልብ መቀየር ስለማይችል ማሲንቆው ነው ክሩን እያጠበቀ ወደ እርሱ የሚመጣው። በአዳማ ሙቀት ደግሞ የማሲንቆው ቃና አይረጋም። ተጫዋቹ በየዘፈኑ መሀል ጆሮውን ወደ መሣሪያው አስጠግቶ ሲያስተካክል ድራም መቺው በዝግታ ምቱን እያስቀጠለ ይጠብቀዋል። ከመሀል ከተማ ይዞኝ የወጣው መጠበቅ ይህ ነው። በዚያች ቅጽበት ከመቀመጫዬ ተነስቼ ባጨበጭብ ደስ ይለኝ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎችም እንደዚሁ ሳይሰማቸው አልቀረም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ወደ መድረኩ ያይ ነበርና።

ከዚያ ድምፃውያኑ ተራ በተራ እየወጡ ሦስት አራት ዘፈን እየዘፈኑ ይወርዳሉ። የአዳማ ድራም መቺ ችሎታው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ምሽት የሸዋውን ረገዳ፣ የአርሲውን፣ የሐረርጌውን ሸጎዬ፣ የጉራጌውን፣ የትግራይን እና የጎንደርን ምት ማወቅ አለበት፤ ከታዳሚው መሀል የእያንዳንዱ ባለቤት ስላለ ስህተቱ አይታለፍለትም። ከተማዋ መተላለፊያ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ድሬዳዋን አልፎ፣ እዚህ ቆሞ ነበር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው። ከዚያ ወዲህ ዕቃው እና መንገደኛው ብቻ ሳይሆን ዜማውም በዚያው ሐዲድ ተመላልሷል። አሊ ቢራ ያደገባት ድሬዳዋ፣ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተነሳባት ድሬዳዋ፣ ለአዳማ ጆሮ ባዕድ ሆና አታውቅም። እርሱ ራሱ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሕክምና ላይ ሳለ ያረፈው አዳማ ውስጥ ነው። ባንዱ ከእርሱ ዘፈኖች አንዱን ሲጀምር የሲሚንቶ ሻጩም፣ መምህሩም፣ ገና ጢም ያላበቀሉት ልጆችም ቆሙ። ግማሹ ቃሉን በሙሉ ያውቀዋል። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ሁለት ስንኝ ሰጣቸው፤ አልተሳሳቱም።

አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ሰዓቴን ሳይ አይተው ሳቁ። «በደርግ ጊዜ ቢሆን ከገባህ እስኪነጋ መውጣት የለም» አሉኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሙዚቃ ቤቱ በሩን ዘግቶ እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። «ባንዱም እስኪነጋ የሚበቃ ዘፈን ማወቅ ነበረበት። ያኔ የነበሩት አይደክሙም። እነዚህም ግን ጥሩ ናቸው፣ ዋሽቼ አላማቸው።» ወጣቱ ይሠለጥንበት የነበረው የየቀበሌው የኪነት ቡድን ስንት ዘፋኝ እና ተወዛዋዥ እንዳፈራ ሲነግሩኝ አመሹ። የዚያን ዘመን መከራ ሁሉ አልረሱትም፤ ሙዚቃውን ግን ለብቻው አስቀምጠው ይወዱታል።

ሽልማትን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። ሆኖም ዘፋኝ ከፍ ያለውን የድምፅ ክፍል ሲዘፍን ሄዶ ፊቱን መሸፈን እንዲዘፍን አያግዘውም። አዝማቹ ሲመለስ ወይም ዘፈኑ ሲያልቅ ይሻላል። ድራም መቺው እና ቤዙ ከኋላ ስለሚቀመጡ ማንም አያስታውሳቸውም፤ እዚህ ቤት ከመድረኩ ጥግ ላይ ለሁሉም የሚካፈል ሣጥን ተቀምጧል፤ ሣጥኑን ፈልጉት።

እሑድ ወደ ወንጂ ወረድኩ። ከአዳማ በስተደቡብ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሲያዘቀዝቅ የሸንኮራ አገዳው ማሳ በአዋሽ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ ስኳር ማምረት ሲጀምር አገዳ ቆራጮቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ መጡ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ ሠራተኞቹ ግን በመንደሮቹ ውስጥ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው ቀሩ። ዜማቸውም ከእነርሱ ጋር ቀረ።

እዚያ ያገኘሁት ቤት መድረክ የለውም። ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ክራር፣ አንድ ቤዝ ክራር፣ ሁለት ከበሮ። ከበሮዎቹ ቆዳቸው እንዲጠብቅ ከሰዓት በፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክራሩ በኤሌክትሪክ ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር ተገናኝቷል፤ ድምፃውያኑ ግን ማይክ የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። አንድ ሰው ያወጣል፣ ግቢው በሙሉ ይቀበላል። የወላይታው ዘፈን ሲመጣ ወጣቶቹ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። የሐዲያው ሲመጣ ደግሞ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ነበሩ ተቀባዮቹ፤ ወጣቶቹ ቃሉን ከእነርሱ አፍ እየጠበቁ ይከተሉ ነበር። ካየኋቸው ቤቶች ሁሉ ልቤ የቀረው እዚህ ነው። ሐሙስ የሰማሁት ባንድ በችሎታ ይበልጣል፤ እዚህ ግን አድማጭ የሚባል ሰው የለም።

ባለቤቱ ኪቦርድ ሊገዛ እያሰበ መሆኑን ነገረኝ። ወጣቱ ወደ አዳማ እየሄደበት ስለሆነ «ዘመናዊ» ማድረግ አለብኝ ይላል። ኪቦርድ ቢገባ እነዚያ ሁለት ከበሮዎች የት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። አጥብቄ ለመንኩት። እርሱም በቅንነት መለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ እሑድ እሑድ ሰው ከመጣልኝ እኔ ምን ቸገረኝ? ከበሮው ይቀጥላል።»

ስለዚህ አቅጣጫውን እጽፋለሁ። ሚኒባሱ ከወንጂ ማዞሪያ ይነሳል። ሙዚቃው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምርና ሊመሽ ሲል ያበቃል። ከመሸ በኋላ ሚኒባስ ስለማይገኝ የሚመልሳችሁን ባጃጅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤቱን ለማግኘት ከሚኒባሱ ስትወርዱ የእሑዱን ክራር ጠይቁ፤ ልጆቹ በር ድረስ ያደርሷችኋል። ቁጭ የምትሉት ከስፒከሯ ራቅ ብሎ፣ ከእናቶቹ አጠገብ ይሁን፤ ቃሉን የሚያስይዟችሁ እነርሱ ናቸው።