ድምፅ አልባውን ተዋናይ በሬዲዮ መተረክ

የአሜሪካዊውን የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን የበስተር ኪተንን ሕይወት በተከታታይ የሬዲዮ ትረካ ለማቅረብ ሐሳብ ሳመጣ የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ «ፊልሙ ድምፅ የለው፣ ሬዲዮው ምስል የለው፤ አድማጩ ምኑን ይዞ ይከተልሃል?» መልስ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ግትርነት ብቻ ነው። የቻርሊ ቻፕሊንን ባርኔጣና ከዘራ የማያውቅ የለም። ከእሱ እኩል የሚቆመው፣ በእኔ ሚዛን አንዳንዴም የሚበልጠው ኪተን ግን በአማርኛ ስሙ እምብዛም አይነሳም። የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ለአገር ቤት አድማጭ ማቅረብ የሚሹ ባልደረቦች ቢጠቀሙበት ብዬ አሠራሬን እነሆ።

የመጀመሪያው ፈተና የመረጃ እጥረት ሳይሆን ብዛቱ ነው። ኪተን ራሱ በ1960 ያሳተመው ግለ ታሪክ አለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ከሞተ በኋላም ብዙ ተጽፎለታል። ይሁን እንጂ አባቱ ጆ ኪተን ለጋዜጠኛ ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው ነበር፤ ልጁም ከእሱ የሰማውን ዕድሜውን ሙሉ ደገመው። «በስተር» (በዘመኑ አነጋገር ከባድ አወዳደቅ ማለት ነው) የሚለውን ስም ያወጣለት ዝነኛው ምትሃተኛ ሃሪ ሁዲኒ ነው ይባላል፤ ሕፃኑ ከደረጃ ተንከባልሎ ወድቆ ምንም ሳይሆን ሲነሣ አይቶ ነው አሉ። የታሪኩ ጸሐፊዎች በዚህ አይስማሙም። ሌላው ወግ ደግሞ ሕፃኑ በአንድ ቀን ውስጥ ጣቱን በልብስ መጭመቂያ እንዳጣ፣ ጭንቅላቱ በጡብ እንደተፈነከተ፣ አውሎ ነፋስም በመስኮት አውጥቶ መንገድ ላይ እንዳስቀመጠው ይተርካል። የቀኝ አመልካች ጣቱ ጫፍ መቆረጡ እውነት ነው። የቀረውን «ቤተሰቡ እንደሚያወራው» እያልሁ ተረክሁት እንጂ አልጣልሁትም። የዚህ ቤተሰብ እንጀራ የሕፃን አደጋ እየሸጡ መብላት ነበርና ወጉ ሐሰት ቢሆን እንኳን ስለ ሰዎቹ እውነት ይናገራል።

ቀን በሬዲዮ አይያዝም። አድማጭ ድስት እያማሰለ ወይም ታክሲ እየነዳ ነው፤ «ጥቅምት 4 ቀን 1895 ፒኳ፣ ካንሳስ ተወለደ» ብትሉት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ የአድዋ ድል ሲበሠር ገና የአምስት ወር ሕፃን እንደነበር ተናገርሁ። ወላጆቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ትርኢት የሚያሳዩና ከመድኃኒት ሻጮች ጋር የሚጓዙ ተዋንያን ስለነበሩ፣ ፒኳ የተወለደባት እንጂ የኖረባት ከተማ አይደለችም።

ከሁሉ በላይ አድማጭን የነካው የልጅነቱ ክፍል ነው። ኪተን መድረክ ላይ የወጣው ትምህርት ቤት ለመግባት ሳይደርስ ነው። የትርኢቱ ዋና ቀልድ አባትየው አስቸጋሪውን ልጅ ለመቅጣት እያነሣ መወርወሩ ነበር፤ ለመወርወር እንዲመች ልብሱ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ሰፍተውለታል። የሕፃናት ጥበቃ ማኅበራት ደጋግመው ከስሰዋቸዋል። ይህ ክፍል በተላለፈ ማግስት አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ አባት ታሪኩ የሚነገረው ለምንድን ነው?» አሉኝ። አልተከራከርኋቸውም። በሚቀጥለው ክፍል የኪተንን ቃል አቀረብሁ፦ እሱ እስከ ዕለተ ሞቱ አባቱን ጨካኝ አላለውም፤ አወዳደቅን የተማርሁት ከእሱ ነው ይል ነበር። ደግሞም ሲጥሉት እሱ ከሳቀ ሕዝቡ እንደማይስቅ፣ ፊቱን ከቋጠረ ግን አዳራሹ በሳቅ እንደሚናጋ ያስተዋለው እዚያው መድረክ ላይ ነው። ዓለም ያወቀው የማይስቀው ፊት ከዚህ መጣ። ሁለቱንም ጎን ካስቀመጥሁ በኋላ ፍርዱን ለአድማጭ ተውሁት፤ ሴትዮዋ ድጋሚ ደውለው አሁንም በአባትየው እንደተናደዱ ነገሩኝ።

በ1917 የአባቱ መጠጥ ትርኢቱን አፈረሰው። ኪተን ኒው ዮርክ ላይ ኮሜዲያኑን ሮስኮ አርባክልን አገኘ። እንደሚናገረው ከሆነ የመጀመሪያ ሥራው ካሜራውን ፈታትቶ አሠራሩን ማየት ነበር። እዚህ ላይ የትረካዬን አካሄድ ወሰንሁ፤ ይህ ሰው ከኮሜዲያን ይልቅ መካኒክ ነው፤ ቀልዶቹንም እንደ ማሽን ፈታትቼ ላሳይ አልሁ።

በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ ያለውን የቤት ግድግዳ ትዕይንት እንውሰድ። በዚያ ገጽ ላይ አንድም «አስደናቂ»፣ አንድም «ድንቅ» እንዳይገባ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የጻፍሁት ይህን ነው፤ ቦታው ሳክራሜንቶ፣ ወንዝ ዳር። ግድግዳው የባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሙሉ ፊት ነው፤ ክብደቱ ሁለት ቶን ገደማ። ከላይ አንድ ክፍት መስኮት አለ። ኪተን መስኮቱ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ይቆማል። ከትከሻው ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት ከጥቂት ኢንች አይበልጥም። ግድግዳው በእውነት ይወድቃል። ተመልሶ የሚቀረጽ ነገር የለም። ከዚያ የድምፅ ባለሙያውን ሙዚቃ እንዳያስገባ ለመንሁት። ሬዲዮ ጣቢያ ጸጥታን እንደ እሳት ይፈራል፤ ጥቂት ሰከንድ ባዶ አየር ለማስፈቀድ ከጽሑፉ በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል። «ግድግዳው ወደ ፊት አዘነበለ» አልሁና ዝም አልሁ። ከዚያ «ኪተን ቆሟል» ብዬ ቀጠልሁ። ብዙ ሰው ከሙሉ ተከታታዩ የሚያስታውሰው ያንን ዝምታ ነው።

«ዘ ጄኔራል» በተባለው ፊልሙ ያለው ባቡር ግን በዝምታ አይነገርም። ሐምሌ 23 ቀን 1926 ኦሪገን ውስጥ፣ ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ፣ እውነተኛ በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር በሚነድ ድልድይ ላይ ሄዶ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ወጪው 42,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ለአንድ ቀረጻ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ኦሪገንን የመረጠው ፊልሙ የሚተርከውን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚመስል የቆየ የባቡር ሐዲድ ስለነበራት ነው። ወታደር ሆነው የሠሩት የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብ አባላት አንዴ የሰሜኑን፣ አንዴ የደቡቡን ዩኒፎርም እየለበሱ ራሳቸው ከራሳቸው ጋር ተዋጉ። ባቡሩ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ወንዙ ውስጥ ተጋድሞ ቆይቶ ለብረቱ ሲባል ወጣ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ተመልካችም ተቺም ፊቱን አዞረበት፤ ዛሬ ከታላላቆቹ ተርታ መመደቡ ለኪተን ኪስ ዘግይቶ የመጣ ክብር ነው።

የተከራከርሁበት ክፍል ቀጥሎ ይመጣል። ስለ ድምፅ አልባ ተዋንያን የሚጽፍ ሁሉ ማለት ይቻላል «ድምፅ መጣና ወደቁ» ይላል። በኪተን ላይ ይህ ስንፍና ነው። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ለቀልዱ የሚስማማ ድምፅ ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ ድምፅ ፊልሞቹም ገንዘብ አስገብተዋል። የጣለው በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ለትልቁ የፊልም ኩባንያ ለሜትሮ ጎልድዊን ማየር መፈረሙ ነው። ቻፕሊን እንዳይፈርም መክሮት ነበር፤ ኪተንም በኋላ የሕይወቴ ትልቁ ስሕተት ብሎታል። ከዚያ በፊት መነሻና መድረሻ ብቻ ይዞ፣ መሐሉን እየሠራ ያገኘው ነበር፤ ሐሳብ ሲጠፋ ሥራ አቁመው ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር። አዲሱ ስቱዲዮ ግን እያንዳንዷ ንግግርና እርምጃ አስቀድማ እንድትጻፍ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪን እጁን አስረው ሰዓት አምጣ እንደማለት ነው።

መጠጡን፣ በ1932 ከሚስቱ ከናታሊ ታልማጅ ጋር መፋታቱን፣ የሁለቱ ልጆቹ ስም ወደ እናታቸው ቤተሰብ ስም መቀየሩን፣ በ1933 ከስቱዲዮው መባረሩን በአጭሩ አለፍሁት። ተራኪ በዚህ ቦታ ዋሽንት አስነፍቶ ማስለቀስ ይችላል፤ ገበያም አለው። እኔ ግን የሰውየውን ሥራ ሳላስረዳ ውድቀቱን ማብዛት ሐሜት ይመስለኛል። ከዚያም በላይ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በ1940 በ23 ዓመት የምታንሰውን ዳንሰኛ ኤሌኖር ኖሪስን አገባ፤ እስኪሞት አብረው ኖሩ። ቴሌቪዥን አዲስ ተመልካች ሰጠው። በ1965 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ታዳሚ ቆሞ አጨበጨበለት፤ የካቲት 1 ቀን 1966 በ70 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ።

አንድ ነገር ግን ከቦታው አንሥቼ ወደ ኋላ ገፋሁት። በ1924 «ሸርሎክ ጁኒየር» ሲቀረጽ ከውኃ ማጠራቀሚያ የወረደ ፏፏቴ መትቶት አንገቱ ከባቡር ሐዲድ ጋር ተጋጨ። ለጥቂት ጊዜ ራሱን አመመው፤ ሥራውን ግን ቀጠለ። አንገቱ ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም የራጅ ፎቶውን ሲያየው ነው። በዘመን ቅደም ተከተል ቢሄድ አድማጭ ከኪተን በፊት ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1924 «ራሱን አመመው» ብቻ ብዬ አለፍሁ፤ ስብራቱን የተናገርሁት ሐኪሙ በተናገረበት ቦታ ነው።

ተከታታዩ ሲያልቅ ብዙዎች ፊልሞቹን የት እንደሚያገኙ ጠየቁኝ። ናይትሬት በሚባለው፣ በቀላሉ በሚነድ ፊልም ላይ የተቀረጹት የዚያ ዘመን ሥራዎች በእሳትና በመበስበስ አልቀዋል፤ ከአሜሪካ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ እንደጠፉ ይገመታል። የኪተን ዋና ዋና ሥራዎች ግን ተርፈዋል፤ ጥቂቱም የተገኘው ቀድሞ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ፣ ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን ቤቱን ከገዛው በኋላ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። እኔ ሁሌም በ1920 ከሠራው፣ አዲስ ተጋቢዎች ቤት ሲገጣጥሙ ከሚያሳየው የሃያ ደቂቃ ገደማ አጭር ፊልም፣ ከ«ዋን ዊክ» ጀምሩ እላለሁ፤ ከልጆች ጋር ይታያል። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን የሚራወጡበት ቅጂ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ካሜራው በእጅ ይዞር ስለነበር ፍጥነቱ ሳይስተካከል የተገለበጠ ብዙ አለ። የተጨመረው ሙዚቃ ካላስደሰታችሁም ድምፁን ዝጉት፤ ኪተን አይቀየምም።