አራቱንም ኮይል ልቀይር? ከሴሊካ ጋር ወደ ድሬዳዋ

የ2000 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ይዞ ድሬዳዋ መሄድን ብዙ ሰው አይመክርም። ዝቅ ያለች መኪና ናት፤ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ሆዷ ይፋቃል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ድረስ ግን እንደ ልቧ ነበር የሄደችው። አብሮኝ ያለው የአክስቴ ልጅ የድሬ ልጅ ነው፤ ሙቀቱ ሲጀምር ሰው ሁሉ መስኮት ሲፈልግ እሱ ፊቱ ይፈካል። ችግሩ የመጣው ሚኤሶን አልፈን የአሰበ ተፈሪን ዳገት ስንይዝ ነው።

በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን ስረግጥ ሞተሩ ይንተፋተፋል። እግሬን ላላ ሳደርግ ይተዋል። ደግሜ ስረግጥ ይደግማል። ትንሽ ቆይቶ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ይህ መብራት ዝም ብሎ ሲበራ መኪናውን ጊዜ ሲገኝ ማሳየት ይቻላል። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ሲሊንደር እሳት አላገኘም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ መውጫው እየሄደ ነው ማለት ነው። ያ ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ ይነዳል፣ ካታሊስቱንም ያቀልጠዋል። የካታሊስት ዋጋ ደግሞ ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው ከኮይል ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ቀስ አልኩ። ከኋላ ያሉት አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ አንድ በአንድ አለፉኝ። ስፖርት መኪና ይዞ በአይሱዙ መቀደም ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል።

ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ። ሁሉንም በዝግታ። ቁልቢ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ወደ ገብርኤል ዞሮ ተሳለመና «ስለት ተሳል» አለኝ።

«ለኮይል?»

«አቦ፣ ሰው ለስንት ነገር ይሳላል!»

ታኅሣሥ 19 ቢሆን ኖሮ መንገዱ በምእመን ስለሚሞላ የእኔን ማዝገም ማንም ልብ አይለውም ነበር። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሞተሩ ላይ ጫና ስለሌለው መኪናዋ ምንም አላላት። ከተማ የገባነው ጤነኛ መስለን ነው።

ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ብዙ አሥር ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው የሚሰጥ ዕቃ ነው። የድሮ መኪና ላይ ለሁሉም ሲሊንደር አንድ ኮይል ነበር። የእኔዋ ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ አራቱም ሞተሩ አናት ላይ ተሰክተው ዕድሜ ልካቸውን ይጠበሳሉ። ውስጣቸው ያለው ሽቦ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ያመልጣል።

ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ምንም ሳትል ለምን እዚህ? ይህ ጥያቄ ማታ የድሬዳዋዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሻይ ይዤ ስቀመጥ ነው መልስ ያገኘው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ወፍራም ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር በጨመረ ቁጥር ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ደግሞ የሚገባው አየር ይበዛል። የደከመ ኮይል ቦሌ ላይ ሲያዘግም አይታወቅበትም። ሚኤሶ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ዳገት ሲጫንበት ይጋለጣል።

ጠዋት ፉላችንን በልተን ደቻቱን ተሻገርን። ወንዙ ያው አሸዋ ነው፤ ውኃ ያለው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፣ ሲመጣም ጠራርጎ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚያውቀው ጋራዥ ውስጥ ሁለት መካኒኮች አሉ። አንደኛው ወጣት ነው፣ የሞተሩን ጥፋት የሚያነብበው ስካነር እጁ ላይ ነው። ሌላው ወጣትነታቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እዚህ መፍቻ መያዝ ከአባት የሚወረስበት ቤት ብዙ ነው።

ወጣቱ ስካነሩን ሰካ። ፒ0303 አለ። ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት ስቷል ማለት ነው።

«ኮይል ነው። አራቱንም ቀይራቸው» አለኝ። «አንድ ዕድሜ ናቸው። ዛሬ ይሄኛው ሄደ፣ ነገ ያኛው ይሄዳል። መንገድ ላይ ከምትቆም ይሻልሃል።»

አዛውንቱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። «ቦቢናው መሆኑን በምን አወቅህ? ካንዴላውስ ቢሆን? የቤንዚን መርጫውስ?» አሉት። ቦቢና የሚሉት ኮይሉን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር አለዋውጠውና ደንገጎን ውጣው። እዚህ ቆመን ብናስጮኸው ምንም አይነግረንም» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ኮይሉን ቦታ ታለዋውጣለህ። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ወደ አዲሱ ቦታ ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው። ጥፋቱ ያው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት አለመኖሩንም አዩልኝ። የላይኛው ክዳን ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይት እዚያ ይጠራቀምና ኮይሉን ያበላሸዋል፤ ያኔ አዲስ ኮይል መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የእኔዋ ደረቅ ነበረች።

ደንገጎን ወጣን። ግማሽ ዳገት ሳንደርስ ተንተፋተፈች። ተመልሰን ስናስነብባት ፒ0301። ኮይሉ ጥፋቱን ይዞ ተዛውሯል።

አንዱ መቀየሩ አይቀርም። ሌሎቹ ሦስቱስ? የሴሊካዬ ሞተር 1.8 ሊትሩ ዋንዜድዜድ ነው። ያው ሞተር ኮሮላ ላይም ተገጥሟል፣ ስለዚህ ኮይሉ መለዋወጫ ሱቅ አይጠፋም። የእኔ የስፖርት መኪና ሀብት ይቺው ናት፤ ልብሷ የሰርግ፣ ሆዷ የኮሮላ። ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሦስት ዓይነት ኮይል አሳየኝ፣ ሦስት ዋጋም ነገረኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አንድ ነው። «ኦርጅናሉ የቱ ነው?» ስለው «ሁሉም ኦርጅናል ነው፣ ይሄ ግን የበለጠ ኦርጅናል ነው» አለኝ።

ሐሳቤን የቆረጥኩት እዚያው ነው። የወጣቱ ክርክር ትክክል የሚሆነው አራቱም የሚተኩት በማያጠራጥር ኦርጅናል ሲሆን ነው። እኔ ፊት ያለው ምርጫ ግን ሌላ ነበር። የሚሠሩ ሦስት የፋብሪካ ኮይሎችን አውጥቼ በማላውቃቸው ሦስት ልተካ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የያዝነውን ይዘን መቆየት ነው ያለብን። ደህናውን ዕቃ በጥርጣሬ መጣል አያዋጣም።

አዛውንቱ ካንዴላዎቹን አወጡና ክፍተታቸውን ለኩ። 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ሁሉም በልተው ሰፍተዋል። «ቦቢናህን የገደለው ይሄ ነው» አሉኝ። ክፍተት ሲሰፋ ኮይሉ የበለጠ ቮልት ማመንጨት አለበት፣ ሁልጊዜ እየተጨነቀ ይሠራል። ስለዚህ ካንዴላዎቹ አራቱም ተቀየሩ። ኮይል አንድ ተቀየረ፤ ከተበላሸ ኮሮላ የወጣ፣ የፋብሪካው ማኅተም ያለበት፣ አዛውንቱ ራሳቸው ከመደርደሪያቸው ያወረዱት ነው። ከሱቁ ደግሞ «የበለጠ ኦርጅናሉን» አንድ ገዝቼ ለመጠባበቂያ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ አኖርኩት። ወጣቱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አልተስማማም፣ መብቱ ነው።

ከሰዓት ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ቤንዚን ረግጬ ወጣሁት። አንዴም አልሳተችም። ሐረማያን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን። ጀጎል በር አጠገብ አንድ ፔጆ 404 ታክሲ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ፈረንሳዮች ይህን መኪና መሥራት ከጀመሩ ከ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ስንቱ አልፏል፣ ሐረር ላይ ግን ሥራ ላይ ነው። ሹፌሩ ሴሊካዋን ዞር ብሎ አያትና «ምን ሆና ነው?» አለ። ኮይል አልኩት።

«ስንት አላት?»

«አራት።»

«እኔ አንድ ነው ያለኝ። ከሞተ ባለሁበት እቆማለሁ። ያንተ አንዱ ቢሞት በሦስቱ ቤትህ ትገባለህ፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አለ። ቀጥሎ የአንዱን ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮፈኑን ዘጋና «በዚህ ብር እኔ ካርቦራተር አሠራበታለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።