በኧርቪንግ በርሊን ዱካ ኒው ዮርክ ውስጥ

ከዋሽንግተን በሌሊት አውቶቡስ ተነሥቼ ኒው ዮርክ ስደርስ ገና አልነጋም ነበር፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ሲያንኮራፋ ስላደረ ዓይኔን ሳልከድን ነው የደረስኩት። የኒው ዮርክ የቴአትር ቤቶች መንደር የሆነው የብሮድዌይ የዘፈን ደራሲ የነበረውን የኧርቪንግ በርሊንን ዱካ ለማየት ብዙ ጊዜ ስመኝ ስለኖርኩ ግን ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ በቀጥታ ወደ ቻይናታውን አመራሁ።

ፔል የምትባለው መንገድ አጭርና ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኙን ፀጉር አስተካካዮች ሞልተውባታል። የቤት ቁጥር ስፈልግ ያዩኝ አንድ አዛውንት ፀጉር አስተካካይ መቀሳቸውን እንደያዙ ወጥተው 12 ቁጥርን አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1888 በሩሲያ ግዛት የተወለደውና በ5 ዓመቱ ወደዚህ ከተማ የተሰደደው አይሁዳዊው ልጅ በርሊን፣ በምኩራብ ጸሎትን በዜማ ይመሩ የነበሩት አባቱ ሲሞቱ ገና 13 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በየመጠጥ ቤቱ እየዘፈነ ሳንቲም ሲለቅም ቆይቶ፣ እዚህ በነበረው ካፌ ዘፋኝ አስተናጋጅ ሆነ፤ በ1907 ከታተመው የመጀመሪያ ዘፈኑ ያገኘውም ከ40 ሳንቲም ያነሰ ነበር። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ዜማ ሲያጠና እያየሁ ስላደግኩ፣ ረኃብና ዜማ አብረው መኖራቸው አልደነቀኝም። የደነቀኝ፣ ኖታ ማንበብ ሳይችል፣ በአብዛኛው የፒያኖውን ጥቁር ቁልፎች ብቻ እየተጫወተ መቶ አንድ ዓመት በኖረበት ዕድሜው እጅግ ብዙ ዘፈን መድረሱ ነው። ቃናውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መዘውር ያለው ልዩ ፒያኖ ነበረው፤ ዜማውን በወረቀት የሚያሰፍርለት ደግሞ ሌላ ሰው ነበር።

ወደ 45ኛው መንገድ የወሰደኝ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነጂ ለአሥር ደቂቃ 60 ዶላር ተቀበለኝ። ዋጋውን በደቂቃ እንደሚያስብ የነገረኝ ስወርድ በመሆኑ እጅግ ተናደድኩ፤ አገሬ ቢሆን ኖሮ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይዳኘን ነበር።

ንዴቴ የበረደልኝ ከመግቢያው በላይ አራት ዓምዶች የተደረደሩበትን ሚዩዚክ ቦክስ ቴአትርን ሳይ ነው። በርሊን ከቴአትር አዘጋጁ ከሳም ሃሪስ ጋር በ1921 የከፈተው ለራሱ ሥራዎች ማሳያ ሲሆን፣ ድርሻውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልሸጠም። ደራሲ የሌሎችን ደጅ በሚጠናበት መንደር የራሱን ቤት ማቆሙን ከብዙዎቹ ዘፈኖቹ አስበልጬ አደንቃለሁ። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው ኢምፔሪያል ቴአትር ደግሞ «አኒ ጌት ዩር ገን» የተባለው የበርሊን ሙዚቃዊ ተውኔት ከ1946 ጀምሮ 1,147 ጊዜ የታየበት ነው፤ ሙዚቃውን እንዲደርስ አስቀድሞ የተመረጠው የዜማ ደራሲ ጀሮም ከርን በድንገት በማረፉ ነበር ሥራው ለበርሊን የተሰጠው።

ከሰዓት በኋላ በ4 ቁጥር ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተጉዤ ብሮንክስ ወደሚገኘውና በርሊን ወደተቀበረበት ዉድሎን መካነ መቃብር ደረስኩ። ስፍራው እጅግ ሰፊ ነው፤ አንድ ጥበቃ በእግሬ እንዳልንከራተት በመኪናው አድርሶኝ፣ ሳልጠይቀው የጃዝ ሙዚቀኛውን የዱክ ኤሊንግተንንም መቃብር አሳየኝ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን መሸለሙን ስነግረው ደስ ብሎት ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ በጨዋታችን መካከል የመዝጊያው ሰዓት ስለደረሰ የሌሎቹን ሙዚቀኞች መቃብር ሳላይ ወጣሁ። ዉድሎንን ለማየት የሚያስብ ሰው ቢቻለው በጠዋት ይሂድ፤ በሩም ላይ የስፍራውን ካርታ ጠይቆ ይያዝ።