ከመርፌ ወደ ስኳር ፍሬ

ለንደን ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በነርስነት ካገለገልሁ በኋላ ወደ ሆሚዮፓቲ፣ ማለትም እጅግ የቀጠነ መድኃኒት በነካው የስኳር ፍሬ ወደሚያክመው አማራጭ ሕክምና፣ ያዞረኝ የመድኃኒቱ ተአምር ሳይሆን የጊዜ እጥረት ነበር፤ በአንድ የሌሊት ፈረቃ፣ እጄን ይዘው «እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ» ያሉኝን አንዲት አሮጊት የደም ግፊታቸውን ብቻ ለክቼ ትቻቸው መሄዴ እስካሁን ይከነክነኛል። በሆሚዮፓቲ ግን የመጀመሪያው ምክክር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እንቅልፉም፣ ሕልሙም፣ ብርድ መፍራቱም ሳይቀር ይጠየቃል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1796 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃኔማን ነው፤ በሽታ በሚመስለው ነገር፣ ማለትም በጤነኛ ሰው ላይ ያንኑ ምልክት በሚያስነሣ ነገር፣ ይድናል ባይ ነበር። 30ሲ የሚባለውን የማቅጠን ደረጃ ስናዘጋጅ፣ ከመነሻው ፈሳሽ አንዱን ጠብታ በ99 ጠብታ አልኮልና ውኃ በጥብጠን፣ ጠርሙሱን በኃይል እየናጥን፣ ከየድብልቁ ደግሞ አንድ ጠብታ እየወሰድን ይህንኑ በጠቅላላው ሠላሳ ጊዜ እናደርጋለን። የመድኃኒት ስሌት የለመደው አእምሮዬ ታዲያ ዝም አላለም፤ በመጨረሻው ጠርሙስ ውስጥ ከመነሻው ንጥረ ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ አትገኝምና። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎትም እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች እንዳያዝዙት የመከረው በቂ ማስረጃ ስለሌለው ነው።

እኔም የነርስነት ፈቃዴን አልመለስሁም፤ ደረቱን የሚወጋው ሰው ከመጣ የማነሣው ፍሬዎቹን ሳይሆን ስልኩን ነው፣ ኢንሱሊን የሚወስደውንም መርፌህን ተው ብዬው አላውቅም።