ክሮቹን አትንኩ

ዛሬ የአንጎል የግንኙነት መረብ ስክሪን ላይ ሳይ ዋልኩ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የነርቭ ክሮች፤ አንድ ዕጢ ደግሞ መሃላቸው ተወሽቋል። ቀለሙ የክሩን አቅጣጫ ነው የሚናገረው። ኤምአርአዩ (ምስሉን ያነሳው መሣሪያ) የሚለካው ውሃ በነርቭ ክሮቹ ርዝመት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ አንጎል ውስጥ የንግግርን ቦታ ካሳየ ወዲህ ሐኪሙ የሚፈራው ያንን ቦታ መንካት ነበር። ለካ ቦታው ደህና ሆኖ ክሩ ብቻ ቢቆረጥም ቃል ሊጠፋ ይችላል!

ስለዚህ አንዳንዱን ታካሚ ነቅቶ እያወራ ነው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉለት (አንጎሉ ራሱ ሕመም አይሰማውም)። ሥዕል እያሳዩት አንጎሉን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነኩታል። "ይሄ... ይሄ..." ብሎ የሥዕሉ ስም ከጠፋው፣ እዚያ ጋ ምላጭ አያርፍም። ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ የማምነው ይሄን ፈተና ነው።

ከስትሮክ በኋላም እጅ ምን ያህል እንደሚያገግም ሲገመት፣ ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደው የነርቭ መስመር ምን ያህል እንደተረፈ ይታያል።